የጫማ ቁጥር

ሦስት እሁድ ሙሉ ቃል ስገባ ኖሬ፣
አራተኛው ደርሶ መጣብኝ ዛሬ።
ሲፈን ከዶሮ ቀድማ ተነሥታ፣
በፋሲካው ጫማ እግሯን በግድ ከትታ፣
አቤኔዘር ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ፣
ከቁርሱ ዳቦ ላይ ለአንበሳው ቀንሶ፣
በሩ ላይ ቆሙልኝ።

«አባባ፣ አንበሳ እሁድም ይሠራል?»
«ይሠራል።»
«ደመወዙስ?»
«ሥጋ ነው፤ በየቀኑ ይበላል።»

ኮዬ ፈጬ ነን። የታክሲው ሰልፍ ጫፉ
ፋርማሲውን ዞሮ፣ ብሎኬት ማምረቻው ጋ ነው መታጠፉ።
ነዳጅ ጠፋ አሉ፤ ሾፌሩ ሁሉ ማደያ ተኝቶ፣
ተራ አስከባሪው ቆሟል፣ ተራ ሞልቶለት መኪና አጥቶ።
በጣቴ ቆጠርኩ፦ ከዚህ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ስታዲየም፣
ከስታዲየም ስድስት ኪሎ፤ መመለሻውን አልደመርኩም።
አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሊሆን ሆነ።
ከተማው እዚያው ነው፤ ቃሌ ግን ተነነ።

ልጅ ሲከፋው ሁሌ አያለቅስም።
ሲፈን ጫማዋን አየች፤ ደግማ ጫማዋን አየች።

«እንውጣ ከሰልፉ» አልኩ፣ የት እንደምንሄድ ሳላውቅ።
ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ፣ ወደ ግንባታው ስንዘልቅ፣
ብርቱካናማ እስካቫተር፣ ክንዱን አፈር ላይ አስደግፎ፣
ሳምንት ሙሉ የቆፈረ፣ ተቀምጧል እሁዱን አርፎ።
ጥበቃው ኦቦ ጉተማ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው፣
«መግቢያው ስንት ነው?» ብላቸው፣ ቀልዴን በቀልድ ተቀብለው፣
«ለልጅ በነፃ፤ አባት ግን በወሬ ይከፍላል» አሉ።
አቤኔዘር ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ሲነቀንቅ ማርሹን በሙሉ፣
እኔ ከፈልኩ። ስለ ኑሮ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይት።
እሳቸውም መልስ ሰጡኝ፦ ስለ ጤፍ፣ ስለ ጓያ፣ ስለ ድሮው መሬት።
«ያ ሊፍት የሚገባበት ጉድጓድ፣ የአባቴ አውድማ ነበር» ብለው
ጣታቸውን ዘረጉ፤ የቀረውን ነገር ውጠው።

ከዚያ ሲፈንን አዩአት።
«ምን ሆነች?»
«አንበሳ ቀረባት።»
ሳቁ። «የከተማው አንበሳ እስረኛ ነው፤ ስንቅ ይገባለታል።
የኛው ግን ትኬት ሳይቆርጥ፣ ሌሊት ሌሊት ይመጣል።
ነይ።»

መሠረቱ ላይ፣ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ፣ አንድ ሰሞን
ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ አለ፤ ማንም ሳያየው መሆን።
አራት ጣት፣ ጥፍር፣ መዳፍ፤ አንዱ እግር ትንሽ ጠልቆ፣
እንደሚያነክስ ሰው፤ ማዕዘኑ ጋ ቆም ብሎ፣ ከብረቱ ርቆ፣
እንደገና ሄዷል።

«ጅብ» አሉ ኦቦ ጉተማ፣ ጎረቤት እንደሚጠሩ።
«መሐንዲሱ ይደፈን ቢል፣ ግንበኞቹ ተከራከሩ፤
ዕጣ ሳይወጣለት የገባ
የመጀመሪያው ነዋሪ ነው ብለው።»

ሲፈን ተቀመጠች።
የፋሲካ ጫማዋን አወለቀች፤ ዱካው ላይ አኖረች፣
ቀለበት እንደሚለካ ሰው፣ በቀስታ፣ ትንፋሿን ይዛ።
ጫማዋ ተረፈ። ከፊትም ከኋላም ተረፈ።
«አባባ! የሕፃን ነው! አሥራ ስምንት ቁጥር ነው የሚያደርገው!»
እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።
ወንድሟ ከእስካቫተሩ ወርዶ፣ ምንም ሳይናገር፣
የደረቀች ዳቦውን ከኪሱ አውጥቶ
ከዱካዎቹ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ።

ማታ እናታቸው ከፈረቃ ገብታ፣
ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ድካሟን ሳትፈታ፣
ከግንባታው ወዲያ ያ ድምፅ ሲመጣ፣
መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች ደንግጣ።
«ተይ እማ፣ አትፍሪ» አለች ሲፈን ከአልጋዋ፣
«ቁጥሩ እኮ አሥራ ስምንት ነው።»

አቤኔዘር አልተኛም። «ዳቦዬን አገኘው ይሆን?»

«የፊታችን እሁድ» ብዬ ጀመርኩ፣ «አንበሳ ግቢ...»
ማንም አልሰማኝም።
ሁለቱም ጆሯቸው ውጭ ነበር።